በአዴ ጫልቱ ትከሻ ላይ የጣልኩት ጋቢ

ባለፈው ወር ነጭ ኮፍያና ነጭ ቲሸርት ሰጡኝ። ዕድሜ ልኬን ካኪ ለብሼ የኖርኩ ሰውዬ፣ ቲሸርቱን በሸሚዜ ላይ ደርቤ፣ ከጡረተኞች ረድፍ ፊት ተቀመጥኩ። የማረሚያ ቤቱ በዓል ነበር። ስንተኛ ዓመት እንደሆነ በትልቁ ጽፈውታል፤ መነጽሬን ስላልያዝኩ አላነበብኩትም፣ ባነበውም አልነግራችሁም፣ ዓመት መቁጠር ሰልችቶኛል። ከተማውንም በስም አልጠራም። ኢሉባቦር ውስጥ ነው፣ ከመቱ በጠዋት የተሳፈረ ሰው ምሳውን የሚበላበት ቦታ ነው፣ በቃ። የማወራው የራሴን አፍ ጥፋት ስለሆነ ግቢውን በማንም ፊት ማማት አልፈልግም። ሠላሳ ዓመት እንጀራ በልቼበታለሁ።

መድረክ ላይ አወጡኝ። ማይክ የያዘችው ኢንስፔክተር የመጨረሻ ልጄን ብታህል ነው። «ጋሼ ደምሴ፣ በሥራ ዘመንዎ ከታነጹት ታራሚዎች መካከል የሚኮሩበትን አንድ ሰው ይንገሩን እስቲ» አለችኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ገመቹ አወራሁ። የዳሪሙ ገበሬ ሆኖ ገብቶ ሸማኔ ሆኖ እንደወጣ፣ ከወጣ ወዲህ ከማንም ጋር ክፉ ደግ እንዳልተነጋገረ፣ እዚሁ ኢሉባቦር፣ ቡሬ ከተማ በእጁ ሠርቶ እንደሚበላ ነገርኳቸው። አጨበጨቡ። ወጣቶቹ ተነስተው አጨበጨቡ፣ ለስላሳ ከፍተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ማታ መቱ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ በለጡ ፊቴን አይታ «ምነው፣ ኮፍያውን መልስ አሉህ እንዴ?» ብላ አሾፈችብኝ። ኮፍያውን አውልቄ ሰጠኋት። ለዚያ ሁሉ አጨብጫቢ ያልነገርኩት ነገር አለ። ገመቹ በይቅርታ ወጥቶ የልጁን ሠርግ ሊያይ ሲል፣ በእኔ አፍ የተነሳ ሦስት ዓመት ተጨማሪ ታሰረ። ይህንን ለራሱ ለገመቹም ነግሬው አላውቅም ነበር። ሰውየውን እየጠየቅኩ፣ ሻዩን እየጠጣሁ፣ እስከዚያ ማታ ድረስ ዝም።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። የቢሮዎቹ በራፍ ላይ የነበረው ጽሑፍ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ተተክቶ፣ ቀለሙ ገና እጅ የሚያበላሽበት ጊዜ። እኛንም በአዲስ ስም ጠሩን። ወህኒ ቤቱ ማረሚያ ቤት ሆነ፣ እስረኛው ታራሚ ተባለ፣ እኔም «ከእንግዲህ ሥራህ መጠበቅ ብቻ አይደለም፣ ማነጽ ነው» ተብዬ ሁለት ሳምንት ሠለጠንኩ። ወደድኩት፣ ምን ይደበቃል። ቁልፍ አንጠልጥሎ መዞር አስጠልቶኝ ነበር። ቤተሰቤ ያኔም መቱ ነበር፣ እረፍት ሲሰጠኝ እመጣለሁ። መናኸሪያው ጥግ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ አንድ ኦሮምኛ፣ አንድ አማርኛ እያፈራረቀ ከተማውን ሲያንቀጠቅጥ ይውላል። ፊት ለፊቱ የአንድ የጅማ ነጋዴ ሱቅ አለ፣ ኮንጎ ጫማ በገመድ ጠልፎ እንደ በርበሬ ደጃፉ ላይ ያንጠለጥላል። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ ስኳሩም ማንኪያ የሚያቆም። ጎረምሶቹ ሰፊ ሱሪ ለብሰው አቧራውን ሲጠርጉት ይውላሉ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ከያዮ ጫካ የመጣ ማር በቅል ይሸጥ ነበር፣ ንቧ እንኳ አንዳንዴ ውስጡ ቀርታ። አሁን ካሴት ቤቱ የነበረበት ባንክ ቆሟል፣ ጠባቂው በገባሁ ቁጥር ኪሴን ይዳስሰኛል። ስንቱን ሰው ስዳስስ እንደኖርኩ ቢያውቅ ይስቅብኛል። ለማንኛውም እኔ የዚያን ጊዜ ሰው ነኝ፣ ጉልበት ነበረኝ፣ ሰው የሚለወጠው በእኔ እጅ ይመስለኝ ነበር።

ገመቹ ሲገባ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። የጎረቤቱ በሬዎች በቆሎው ውስጥ ገቡ፣ ተሰዳደቡ፣ አንድ ዱላ ሰነዘረ። ዱላው ያረፈበት የጎረቤቱ ልጅ ፈይሳ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ገመቹ ሞቱን ሲሰማ ማንም ሳይዘው ራሱ በእግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። አሥራ ስምንት ዓመት ፈረዱበት። ስለ ነገሩ አንድ ቀን ብቻ አጫውቶኛል፤ «ሳጅን፣ ዱላው ከእጄ ሲወጣ መልሼ ልይዘው እጄን ዘርግቼ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

መጀመሪያ ላይ አትክልት ውስጥ ነበር የሚሠራው። ኋላ አንድ የዶርዜ ሽማግሌ ታራሚ ሸማ ቤቱ ወስዶ የሽመናው እንጨት ላይ አስቀመጠው። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በገበሬው ዘንድ ያኔ ሸማኔ መሆን ትልቅ ውርደት ነው፣ «እግሩን ጉድጓድ ከቶ የሚውል» እያሉ ይሳለቁበታል። ገመቹ ለስንት ጊዜ ከጠያቂዎቹ ደበቀው። ወንድሙ በመጣ ቁጥር አፈር ቆፍሮ እንደመጣ ለማስመሰል እጁን ጭቃ ቀብቶ ይወጣ ነበር። እኔ እያየሁ እስቃለሁ። እየዋለ እያደረ ግን ድርና ማጉ አመለ ሸጋ አደረገው፤ መወርወሪያው እጁ ላይ ሲሄድ ብታዩት፣ ያ አንገቱን የደፋ ሰው ቀና ይላል። እዚያ ዱካ አስቀምጬ መዋል ለመድኩ። ለጥበቃ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ስለሚለኝ ነው። ለሥራ ወደ ዳሪሙ ስሄድ ልጁን ቦንቱን አይቼለት እመጣለሁ፣ ስንት ክፍል እንደደረሰች፣ ቁመቷ የእናቷን እንዳለፈ እነግረዋለሁ። ሲታሰር ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ወንድሙ እያደር እግሩን አሳጠረ፣ ሚስቱም መንገዱ ራቃት፤ ኋላ ኋላ ጠያቂው እኔ ብቻ ሆንኩ። እኔም በተራዬ ከሠራቸው ጋቢዎች አንዱን ከግቢው ሱቅ ገዝቼ ለበስኩ። እጥፍ አራት ነው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ በለጡ እንኳ አይታ «አሁን ይኼ የእስረኛ ሥራ ነው?» ብላ ገረማት። ደስታዬን አትጠይቁኝ። የሸመንኩት እኔ ነበር የሚመስለኝ።

ዘጠነኛ ዓመቱ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መጣ። ቦንቱ ታጨች፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። ገመቹም ለገና በዓል የይቅርታ ዝርዝር ውስጥ ሊገባ ደረሰ፤ ጠባዩ ተመስክሮለታል፣ ሙያ ለምዷል፣ የቀረው አንድ ወረቀት ነው። ሰው የገደለ ታራሚ ይቅርታ እንዲጠየቅለት ከሟች ቤተሰብ ጋር መታረቁን ሽማግሎች መስክረው፣ ቤተሰቡም አሻራ አድርጎበት መምጣት አለበት። ያለዚያ ሰውየውን አውጥቶ ወደ ቀዬው መስደድ ማለት ሌላ ደም መጥራት ነው። ገመቹ ያን ሰሞን አንድ ነገር ብቻ ይለኝ ነበር። «ሳጅን፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ልጄ ከቤት ስትወጣ ቆሜ ልመርቃት።» በእነሱ ዘንድ ሴት ልጅ የአባቷን ምርቃት ሳትሰማ ደጁን መሻገር ትልቅ ጉድለት ነው። የሙሽራው ወገኖችም ይህንኑ አውቀው እስከ ጥር እንጠብቃለን አሉ።

ዕርቁን የያዙት የአገር ሽማግሌ ኦቦ ተሲሳ ናቸው፤ ኦቦ ማለት በእኛ አቶ ወይም ጋሼ እንደማለት ነው። ዘጠኝ ወር ወደ ሟች እናት ቤት ተመላለሱ። አዴ ጫልቱ ትባላለች፣ አዴ በእኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ ፈይሳ የበኩር ልጇ ነው። መጀመሪያ ደጇን አልከፈተችም። ከዚያ ከፍታ ዝም አለች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ እንደገና ዘጋች። በዚያ አገር ጉማው፣ ማለት የደሙ ካሳና ዕርቅ፣ እስኪያልቅ ድረስ የገዳይና የሟች ወገን አንድ ምንጭ አይቀዱም፣ በአንድ ዕቃ አይበሉም፣ የገዳዩ እጅ የነካው ነገር የሟች ቤት ደጃፍ አያልፍም። ይህንን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም መቱ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠጣሁት። ጥቅምት ላይ ኦቦ ተሲሳ መልእክት ላኩብኝ፤ «አሮጊቷ እሺ ብላለች፣ ቃሏን በጆሮህ ስማና አሻራዋን ውሰድ» ብለው። ለገመቹ ስነግረው መወርወሪያውን አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

በኢሱዙ እስከሚሄደው ድረስ ሄድን፣ ከዚያ ከኦቦ ተሲሳ ጋር በእግር። የጥቅምት ዝናብ እዚያ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ጭቃው ቦቲዬን ከእግሬ ያወልቀዋል፣ ቡናው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀልቶ ያንጠባጥባል። እኔ በካኪዬ ላይ ያን ጋቢ ደርቤ፣ በላዩ ላይ ላስቲክ ለብሼ እሄዳለሁ። ለምን እሱን እንደለበስኩ ጠይቁኝ። በረደኝና፣ በቃ። ለእኔ ጋቢ ነበር። ቤቷ ስንደርስ አዴ ጫልቱ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ቀጭን፣ ዓይኖቿ የደከሙ፣ ሳል የያዛት ሴትዮ። አስቀመጠችን። ብዙ አልተነጋገርንም፣ ኦቦ ተሲሳ ናቸው በዝግታ የሚያነሱ የሚጥሉት። በመጨረሻ «ልጄ አይመለስም። ይውጣ፣ ልጁንም ይዳር። ቦንቱን ሕፃን ሆና አዝያታለሁ» አለች። በኦሮምኛ ነው ያለችው፤ እስከ ዛሬ ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ወረቀቱን ከላስቲኩ ውስጥ ማውጣት ጀመርኩ። ልቤ ክንፍ አውጥቷል።

ይኼኔ ሳሉ ያዛት። ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳለች፣ ትከሻዋ ተንዘፈዘፈ። ጋቢዬን አውልቄ ደረብኩላት። እናቴን አስታወሰችኝ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ሳሉ ሲለቃት ጠርዙን በጣቶቿ እየዳሰሰች «ይኼ እንዴት ያለ ልስላሴ ነው! የማን እጅ ነው?» አለችኝ።

ምላሴን ምነው ያኔ በቆረጠው። «ገዛሁት» ማለት ይቻል ነበር። ዝም ማለትም ይቻል ነበር። እኔ ግን ያ ሥልጠና፣ ያ ማነጽ የሚሉት ነገር ልቤን ነፍቶታል፣ ብትሰማ ደስ የሚላት መሰለኝ። «የእሱ የገመቹ ሥራ ነው። ያ እጅ ዛሬ ይህንን ይሠራል፣ እናቴ። ተለውጧል» አልኳት። ኦቦ ተሲሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አልጮኸችም። ጋቢውን ቀስ ብላ ከትከሻዋ አወረደችው፣ አጣጠፈችው፣ ተነስታ ደጃፉ ላይ ዝናቡ ውስጥ አኖረችው። ተመልሳ መጣችና ቆማ አየችኝ። «ልጄን የመታውን እጅ አምጥተህ ትከሻዬ ላይ አስቀመጥከው። እኔ እሺ ያልኩት እኮ ገና ዛሬ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ብንጠብቅ፣ ብንለምን፣ ኦቦ ተሲሳ የልመና ሣር ነጭተው ደጃፉ ላይ ቢንበረከኩ አልወጣችም። ስንመለስ ሽማግሌው ግማሽ መንገድ ድረስ ከፊቴ ፈጥነው ሄዱ። ኋላ ቆም አሉና «ሳጅን፣ እኔ ዘጠኝ ወር እግሬ ያለቀበትን አንተ በአንድ አፍ ጨረስከው። ከእንግዲህ ይህቺን ሴት ማን ይለምናታል?» አሉኝ። ጋቢውን እርጥቡን በብብቴ ይዤ ጭቃውን እያቦካሁ ተከተልኳቸው።

ጥፋቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስህተት ነው ብዬ እተወው ነበር። የባሰው በማግስቱ ነው። ሸማ ቤቱ ስገባ ገመቹ ተነስቶ ቆመ፣ ጸጉሩን ተላጭቷል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔም «አሮጊቷ እምቢ አለች» አልኩት። እንዲሁ አልኩት። ጥፋቱን አንሥቼ ለዚያች ለታመመች ሴት አሸከምኳት። ለምን ቢሉኝ ፈርቼ ነው፣ አፍሬ ነው። «ቶሌ፣ ሳጅን» አለኝ፤ እሺ ማለቱ ነው። ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና መወርወሪያውን አነሳ። ያን ቀን ስንት ጊዜ ክሩ እንደተበጠሰበት ቆጥሬ መጨረስ አቃተኝ። ጋቢውን ዳግመኛ አልለበስኩትም፤ በለጡ ለአንድ አራስ ጎረቤት ሰጠችው።

የሙሽራው ቤተሰብ ሌላ ዓመት አንጠብቅም አለ፣ አይፈረድባቸውም። ጥር ላይ ቦንቱ ተዳረች፣ አጎቷ መረቋት። የሠርጉ ቀን እሁድ ነበር፣ እኔ ተረኛ ነበርኩ። ረፋዱ ላይ ገመቹ ከሸማ ቤቱ ወጥቶ ግቢው መሃል ቆመ፣ ፊቱን ወደ ዳሪሙ አዞረ፣ እጁን ዘርግቶ ልጁን በስሟ እየጠራ መመረቅ ጀመረ። ውለጂ፣ ክበጂ፣ እግርሽ የረገጠው ይለምልም እያለ። መጀመሪያ ብቻውን ነበር። ከዚያ ልብስ የሚያጥቡት ቀና አሉ፣ ዳማ የሚጫወቱት ተነሱ፣ አንዱ «ሀዬ» አለ፣ ሌላው ተከተለ፤ አሜን እንደማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ ግቢው በሙሉ በአንድ ድምፅ ይቀበለው ጀመር፣ ሌባውም፣ ነፍሰ ገዳዩም፣ አማርኛ ተናጋሪውም። መሰብሰብ ክልክል ነው ብዬ መበተን ነበረብኝ። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ ካኪዬን ለብሼ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በአመክሮ ወጣ። ቀዬው መመለስ አይችልም፣ ዕርቁ የለም። የራቀ ቦታ ይሻላል ብሎ ቡሬ ገባ፣ በየወሩ እየመጣ እኔ ፊት ይፈርም ነበር። ባለቤቱ እንኳ እሱን መጠበቅ ሰልችቷት ከወንድሞቿ ጋር ወደ በደሌ ሄዳ ቀረች። የአመክሮው ጊዜ ሲያልቅ እኔም ጡረታ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ የምሄድለት። በወር፣ በሁለት ወር፣ መቱ መናኸሪያ ተሳፍሬ ጎሬን አልፌ ቡሬ እወርዳለሁ፣ ሻይ እንጠጣለን፣ እመለሳለሁ። በለጡ «ከወንድምህ ይልቅ እሱን ትጠይቃለህ» ትለኛለች። አዴ ጫልቱ ሞታ፣ ልጆቿ በኋላ ጉማውን ተቀብለው ታርቀዋል። ገመቹ አሁን ዳሪሙ ሄዶ የልጅ ልጆቹን ያያል። ግን ጥሯ አልፋለች። በሄድኩ ቁጥር ዛሬስ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ሻዩ ያልቃል፣ መኪናው ጡሩምባ ይነፋል፣ እመለሳለሁ።

ከዚያ ጭብጨባ በኋላ ግን አልቻልኩም። ከበዓሉ በኋላ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተሳፈርኩ። ጉልበቴ መታጠፍ እምቢ ብሎኝ ሾፌሩ ደግፎ ነው ያወረደኝ። ገመቹ ቤቱ በራፍ ላይ እንጨቱን ተክሎ ይሠራል፣ እሱም ሸብቷል፣ መነጽሩን በክር አስሮታል። ሲያየኝ ሊነሳ ሲል «ተው አትነሳ፣ የምነግርህ አለ» አልኩትና ሳልቀመጥ ዘረገፍኩት። ዝናቡን፣ ሳሏን፣ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ መጣሌን፣ የማን እጅ ነው ስትለኝ ያልኩትን። «እሺ ብላ ነበር፣ ገመቹ። ይውጣ ልጁን ይዳር ብላ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አንተንም ዋሸሁህ» አልኩት። መሬት መሬት አየሁ፣ እሱ እንደሚያደርገው።

መወርወሪያው ቆመ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን?»

«አውቃለሁ፣ ሳጅን። ኦቦ ተሲሳ በሳምንቱ መጥተው ነገሩኝ።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ምናምን ዓመት! በየቀኑ ዱካ አስቀምጬ ፊቱ ስውል፣ በየወሩ ሲፈርምልኝ፣ ሻይ ሲጋብዘኝ፣ ያውቅ ነበር። «ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ? ስደበኝ እንጂ! ለአለቆቼ ክሰሰኝ እንጂ!» አልኩት፤ ጭራሽ የተቆጣሁት እኔ ነኝ፣ አይ እርጅና።

መነጽሩን አወለቀና በኩታው ጫፍ ጠረገው። «መጀመሪያማ ተናድጄ ነበር፣ ምን ይዋሻል። አንድ ሳምንት ፊትዎን ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ኋላ አሰብኩት። ብነግርዎት ያፍራሉ። ካፈሩ ሸማ ቤቱ አይመጡም። ወንድሜ ቀርቷል፣ ሚስቴ ቀርታለች፤ እርስዎ ከቀሩ ስለ ቦንቱ ማን ይነግረኛል? እንደምን አደርክ የሚለኝ ማን አለ? ስለዚህ ያላወቅኩ መሰልኩ» አለኝ።

አንድ መኪና ጭቃ እየረጨ አለፈ፣ ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ገመቹ መነጽሩን መልሶ አደረገ፣ መወርወሪያውን አነሳ፣ ግን አልወረወረውም። እጁ ላይ ያገላብጠዋል። ስንት ዘመን የማውቀው ሰው፣ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ሊጠይቀኝ የፈራው ነገር እንዳለ ያስታውቅበታል።

«እና ሳጅን» አለኝ፣ ሳያየኝ፤ «አሁንማ ነገሩኝ። ከእንግዲህ አፍረው ሊቀሩ ነው?»